ያልመረጥነውን ማብሰል፦ የአንድ ወጥ ቤት የሥራ ማስታወሻ

ከመጀመሪያው ማክሰኞ በፊት

ወጥ ቤቱን ያገኘነው በትውስት ነው፤ የአንድ አዳራሽ ጓዳ። አራት ምድጃ፣ አንድ ትልቅ ማቀዝቀዣ፣ በሩ በደንብ የማይገጥም አንድ ትንሽ ማቀዝቀዣ፣ ሠላሳ ሠላሳ ሊትር የሚይዙ ሁለት ድስቶች አሉት። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ዓርብ፣ ምሳ እንድናበስልበት ተፈቅዶልናል። ያሰብነው ሲነገር ቀላል ነው፦ አንድ የአትክልት ጅምላ ሻጭ፣ ሁለት ዳቦ ቤቶችና አንድ ሆቴል የሚተርፋቸውን ይሰጡናል፤ እኛ እናበስለዋለን፤ የሰፈሩ ሰው ይበላዋል። የሚመጣውን ሰው ችግርህ ምንድን ነው ብለን አንጠይቅም፤ ስሙንም አንመዘግብም።

ስለ ምግብ ብክነት የሚነገሩት ቁጥሮች ያስደነግጣሉ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ሪፖርት እንደሚለው በ2022 ብቻ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል፤ ለሸማቹ ከቀረበው አንድ አምስተኛ ግድም ማለት ነው። እኔ የቆምኩት ግን ሌላ መስመር ላይ ነው፦ ከዚህ 60 በመቶው የሚባክነው በየሰው ቤት ነው። እኛ ደግሞ ከሰው ቤት የተረፈ ምግብ አንቀበልም፤ እንዴት ተይዞ እንደቆየ ማወቅ አንችልምና። ስለዚህ እጃችን የሚደርሰው ቀሪው ላይ ብቻ ነው። ይህንን ለባልደረቦቼ ባነብላቸው አንደኛው "ታዲያ እሱስ ትንሽ ነው?" አለኝ። ዝም አልኩ።

ከሰጪዎቹ ጋር መነጋገሩ ከገመትነው በላይ ጊዜ ፈጀ። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነበር፦ ሰው ቢታመም ማን ይጠየቃል? በየአገሩ ሕጉ ይለያያል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው ሕግ በቅን ልቦና ምግብ የለገሰን ሰው ከተጠያቂነት ትከላከላለች። ፈረንሳይ በ2016 ከዚያም አልፋ፣ ከ400 ካሬ ሜትር በላይ ስፋት ያላቸው ሱፐርማርኬቶች ሊበላ የሚችል ምግብ እንዳያጠፉ ከልክላ፣ ከበጎ አድራጎት ድርጅቶች ጋር ውል እንዲገቡ አስገድዳለች። እኛ ያደረግነው የአንድ ገጽ ስምምነት መጻፍ ነው፦ እስኪያስረክቡን ድረስ ያለው አያያዝ የእነሱ፣ መኪናችን ላይ ከተጫነ በኋላ ያለው የእኛ። ጅምላ ሻጩ እየፈረሙ "ምን ያህል ትወስዳላችሁ?" ብለው ጠየቁኝ።

"የሰጡንን ሁሉ" አልኳቸው።

የመጀመሪያው ማክሰኞ

የመጣው፦ 38 ኪሎ ዳቦ፣ አራት ሣጥን ቲማቲም፣ ሁለት ሣጥን ድንች፣ አንድ ሣጥን ካሮት፣ ግማሽ ከረጢት ሽንኩርት፣ ደግሞም ግማሹን በስም የማናውቀው የቅጠላ ቅጠል ክምር።

ለመልቀም አርባ ደቂቃ መድበን ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል ወሰደብን። የቲማቲሙ ሣጥን ከላይ ሲያዩት ያማረ ነው፤ ከሥር ያለው ግን ተጨፍልቆ ውኃው ወጥቷል። ከላይ ከላይ እያነሡ መልቀም ጥቅም እንደሌለው በሁለተኛው ሣጥን ገባን፤ ሦስተኛውን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍነው። ድንቹ ሌላ ክርክር አስነሣ። ብርሃን ላይ የቆየ ድንች ልጣጩ አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴው ቀለም ራሱ ጉዳት የለውም፤ ነገር ግን ሶላኒን የተባለው መርዝ አብሮ መጨመሩን ይጠቁማል፤ ሶላኒን ደግሞ በመቀቀል አይጠፋም። ጥቂት የነካውን ገባ አድርገን ላጥነው፣ ውስጡ ድረስ አረንጓዴ የሆነውን ጣልነው።

ዳቦው ውስጥ ሻጋታ ያገኘች አንዲት ልጅ "ቦታውን ብቻ ቆርጠን ብናወጣውስ?" አለች። እውነቱን ለመናገር እኔም ቢላዋውን አንሥቼ ነበር። ጠንካራ አይብ ቢሆን ሻጋታውን ዙሪያውን ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ቆርጦ ቀሪውን ማዳን ይቻላል። ዳቦ ግን ውስጡ ክፍትፍት ያለ ነው፤ ዓይን የሚያየው አረንጓዴ ዱቄት ላይ ላዩ ነው እንጂ የሻጋታው ክር ወደ ውስጥ ዘልቋል። ሦስት ኪሎ ዳቦ ሄደ። ከጣልኩ በኋላም ሁለት ጊዜ ተመልሼ አየሁት።

ያበሰልነው የቲማቲም ሾርባ በደረቀ ዳቦ የወፈረ ነው። የመጀመሪያው ድስት ጥርስ የሚያስነክስ ኮምጣጣ ሆነ። ስኳር ልጨምር እጄን ስዘረጋ ዋናዋ አብሳያችን ከለከሉኝ። እኚህ ሴት ከአንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን።

"ስኳሩን ተወውና ሽንኩርቱን እንደገና አቁላላ" አሉኝ።

"እማማ፣ ሰዓቱ እኮ ደርሷል።"

"ሰዓቱ ይደርሳል፤ ሽንኩርቱ ግን አልደረሰም።"

ሁለት ኪሎ ሽንኩርት በዘይት፣ እሳቱ ዝግ ብሎ፣ ቡናማ እስኪሆን አርባ ደቂቃ። ከዚያ የተፈቀፈቀ ካሮት። ጣፋጭነቱ ከነዚህ ከሁለቱ መጣ፤ ስኳሩ ሳይከፈት ቀረ። ዳቦው በምድጃ ደርቆ የገባው በመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ነው፤ ቀድሞ ከገባ ከድስቱ ሥር ይይዝና ያርራል። ይህንንም ያወቅነው በመጀመሪያው ድስት ነው፤ ታቹን ለመፋቅ የወሰደብን ጊዜ ራሱን የቻለ ሥራ ነበር።

65 ሰው ጠብቀን 41 ሰው መጣ።

ሐሙስ ማታ፣ ዓርብ ጠዋት

ይህንን ቀን ብዘልለው ደስ ባለኝ።

ዓርብ ጥድፊያ እንዳይበዛብን ሐሙስ ማታ እንድናበስል ፈቃድ ጠይቀን አገኘን። የባቄላና የአትክልት ወጥ ሠራን፤ ድስቱ እስከ አፉ ሞልቶ ነበር። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ክዳኑን ገጥመን፣ ለሁለት ተሸክመን፣ ትልቁ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገባነው። በሩን ዘግቼ ስወጣ ኩራት ቢጤም ተሰምቶኝ ነበር።

ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ድስቱን በመዳፌ ነካሁት፤ ቀዝቅዟል። ክዳኑን ከፍቼ ቴርሞሜትሩን ከመሃሉ ስከተው ቁጥሩ ሲወጣ አየሁ፦ 18፣ 24፣ 29፣ 31። እዚያ ላይ ቆመ። ሌሊቱን ሙሉ ዐሥር ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ ያደረ ወጥ፣ ውጭው በረዶ መስሎ መሃሉ 31 ዲግሪ ነው። ስናማስለው ከመሃሉ ትንንሽ አረፋዎች ወጡ። ሽታው ምንም አይልም፤ እንዲያውም ይጣፍጥ ነበር።

ባክቴሪያ በፍጥነት የሚራባው ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው መሃል ነው። ትልቅ ድስት ውስጥ ተዘግቶ የሚያድር ወጥ ደግሞ አየር አያገኝም፤ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የተባለው ባክቴሪያ የሚወደው ይህንኑ ነው። ዘሩ ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ ፍላቱን አልፎ ይተርፋል፤ ወጡ ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ ይነቃል። "መልሰን ብናፈላውስ?" ያለ ነበር። ባክቴሪያውን ፍላት ሊገድለው ይችላል። ነገር ግን እዚያ ውስጥ ማን እንዳደረ አናውቅም፤ አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ሩዝ ላይ የሚገኘው ባሲለስ ሴሬየስ፣ የሚተውት መርዝ እንደገና ቢፈላም አይጠፋም።

ሃያ ስምንት ሊትር ወጥ ደፋን። ለማዳን የመጣነውን ምግብ በገዛ እጃችን ቆሻሻ አደረግነው፤ ያውም ዘይቱንና ጉልበቱን ጨምረንበት። ትንሹ ማቀዝቀዣ ውስጥ ወተት ባይኖር ኖሮ ለ50 ሰው የምናቀርበው ዳቦ ብቻ ነበር። ወተቱን አፍልተን ዳቦውን እንቁላልና ወተት ነክረን ጠበስነው። ልጆቹ በጣም ወደዱት፤ እኔ ቀና ብዬ የማንንም ፊት ማየት አልቻልኩም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚሠራበት ደንብ ግድግዳው ላይ አለ። የበሰለ ምግብ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከ60 ወደ 21 ዲግሪ፣ በቀጣዮቹ አራት ሰዓታት ከ21 ወደ 5 መውረድ አለበት። እንዲህ እንዲወርድ ወጡ በአምስት ሳንቲ ሜትር ከፍታ ሰፋፊ ትሪ ላይ ይዘረጋል፤ ትሪው በረዶ ውኃ ላይ ይቀመጣል፤ እንፋሎቱ እስኪወጣ ክዳን አይገጠምም። ቴርሞሜትሩም ራሱ ይፈተናል፦ በረዶ በሞላ ውኃ ውስጥ 0 ማሳየት አለበት። በፈላ ውኃ መፈተን የሚፈልግ ሰው ከባሕር ጠለል ከፍ ባለ ቦታ ውኃ ከ100 በታች እንደሚፈላ ማስታወስ አለበት፤ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ግድም ይቀንሳል።

ሦስተኛው ሳምንት

ሆቴሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ደወለ። ሾፌራችን ሄዶ ስድስት ትላልቅ ትሪዎች ጭኖ መጣ፦ ሩዝ፣ ዶሮ፣ የተጠበሰ አትክልት፣ ሰላጣ። ሲያወርድ ፊቱ በርቶ ነበር። የሩዙን ሙቀት ለካሁ፤ 38 ዲግሪ። ከስንት ሰዓት ጀምሮ ጠረጴዛ ላይ እንደቆየ ብጠይቀው አላወቀም። ደውዬ ጠየቅኩ፤ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ ለእንግዶች ተዘርግቶ የነበረ ነው።

መልሰን አላሞቅነውም፤ ደፋነው። ሾፌሩ ለሁለት ቀን አኮረፈኝ፤ አልፈርድበትም።

በማግስቱ የሆቴሉን ዋና ሼፍ ላናግር ሄድኩ። ቅር ይላቸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። "እርስዎ ወጥ ቤት ውስጥ የሚቀረው፣ ወደ ጠረጴዛ ያልወጣውስ?" አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና "እሱማ ከዚህኛው ይበልጣል፤ ማንም ስላልጠየቀኝ ነው" አሉ። አሁን ያልወጣውን ወዲያው በቀጭን ትሪ አቀዝቅዘው፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ እንዲሁም ውስጡ ኦቾሎኒ፣ ወተት፣ እንቁላል ወይም ዓሣ መኖሩን ጽፈው ይሰጡናል። እኛም በበረዶ ሣጥን እንቀበላለን። ሮበርት ኤገር እ.ኤ.አ. በ1989 ዋሽንግተን ውስጥ ትርፍ ምግብ የሚያበስለውን ዲሲ ሴንትራል ኪችንን ሲጀምር ከፕሬዚዳንቱ በዓለ ሹመት ግብዣ የተረፈውን የሰበሰበው በማቀዝቀዣ መኪና ነበር። ይህንን ከዓመታት በፊት ሳነብ ስለ መኪናው የተጻፈውን እንደ ተራ ነገር አልፌው ነበር።

አራተኛው ሳምንት

መዝገቡን ገለበጥኩት። በሦስት ሳምንት ከተቀበልነው ክብደት ግማሽ ያህሉ ዳቦና ኬክ ነው። ሲደመር ያኮራል፤ ሳህን ላይ ሲቀመጥ ግን ስታርችና ስኳር ነው። ሰው ይጠግባል፣ ምግብ ግን አላገኘም። ትርፍ ሆኖ የሚመጣው ሰው ያልፈለገው እንጂ ሰውነት የሚፈልገው አይደለም፤ ምስር የሚተርፈው ነጋዴ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ስለዚህ ያለችንን ጥቂት ገንዘብ በምን ላይ እንደምናውላት ወሰንን፦ ምስር፣ ሽንብራ፣ ዘይት፣ እንቁላል። ሌላ ምንም አንገዛም። ስንዴ ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፤ ጥራጥሬ ሞልቶታል። ጥራጥሬ ሜታዮኒን ያንሰዋል፤ ስንዴው ይሞላዋል። ስለዚህ ያ ሁሉ ዳቦ ከምስር ጋር ሲቀርብ ሌላ ምግብ ይሆናል። የምስሩን ብረት ሰውነት በደንብ እንዲወስደው ቫይታሚን ሲ ያለው ነገር ከጎኑ መኖር አለበት፤ ሎሚ፣ ጥሬ ቲማቲም ወይም ጥሬ ጥቅል ጎመን፣ የዕለቱ ሣጥን የሰጠንን። ከምግቡ ጋር እናቀርበው የነበረውን ሻይም ወደ ኋላ አዘገየነው፤ ሻይ ብረቱን ይይዝበታል። በዚህ ላይ ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር፤ አሁንም አልበረደም።

ጨው በእፍኝ መሆኑ ቀርቶ በሚዛን ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ ከሚመጡት ብዙዎቹ ደግሞ አረጋውያን ናቸው። እማማ ሚዛኑን በግዴታ ነው የተቀበሉት፤ የጎደለውን በነጭ ሽንኩርት፣ በከሙንና በሎሚ ሞልተውታል።

ኬክን በተመለከተ ለዳቦ ቤቱ በሳምንት አንድ ሣጥን ብቻ ብለናል።

አምስተኛው ሳምንት፣ አጭር

አንድ ሰው ሙሉ ከረጢት ቀይ ቦሎቄ አመጣልን። በዝግታ ሌሊቱን በለስላሳ እሳት ይደር የሚል ሐሳብ ቀረበ። በፍጹም። ጥሬ ቀይ ቦሎቄ ሌክቲን የተባለ መርዝ አለበት፤ ሳይፈላ በለስላሳ ሙቀት መብሰል ከጥሬው የባሰ ሊያደርገው ይችላል። አድሮ ይነከራል፣ የተነከረበት ውኃ ይደፋል፣ በአዲስ ውኃ እየተንተከተከ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ይፈላል፤ እኛ ሠላሳ አድርገነዋል። ከዚያ በኋላ እንደፈለገ በዝግታ ይብሰል።

ስድስተኛው ሳምንት

እስከዛሬ የምንመዝነው የሚገባውን ነበር። ዛሬ ከሳህን ላይ የተመለሰውን መዘንኩ፤ 11 ኪሎ። ከበሰለው ሩብ ያህል ነው።

የተመለሰው በአብዛኛው አንድ ነገር ነበር፦ የብሮኮሊ ግንድ፣ ድንችና የተረፈ ቅጠል አብረን ፈጭተን የሠራነው ሾርባ። ለእኔ ይጣፍጠኝ ነበር። መልኩ ግን ግራጫ ነው፤ እርጥብ ሲሚንቶ ይመስላል። ከማዕዘኑ ጠረጴዛ የማይጠፉ አንዲት አሮጊት ሳህናቸውን ሳነሣ እጄን ይዘው አቆሙኝ።

"ልጄ፣ አትቀየመኝ። ጣዕሙ ደህና ነው። ግን ምን እንደምበላ አላውቅም።"

ነገሩ ገባኝ። እኛ ጓዳ ውስጥ ስለምንሠራው እያንዳንዱን ግንድ እናውቀዋለን፤ እሳቸው ፊት የቀረበው ግን ስም የሌለው ነገር ነው። ከተረፈ ነገር የተሠራ መሆኑን ደግሞ ሁሉም ያውቃል። ይህ ሲደመር ምግቡ ሌላ ነገር መምሰል ይጀምራል። ማሲሞ ቦቱራ የተባለው ጣሊያናዊ ሼፍ እ.ኤ.አ. በ2015 ሚላን ውስጥ፣ አገልግሎት ባቆመ አንድ ቲያትር ቤት፣ በከተማዋ ይካሄድ ከነበረው ኤክስፖ (ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን) የተረፈውን እያበሰለ ሲያቀርብ ሰዎች ተሰልፈው አልተቀበሉም፤ ተቀምጠው ተስተናገዱ። እኛ ማስቀመጡን ይዘናል፤ የምግቡን ስም መንገሩን ግን ረስተን ነበር።

ከዚህ በኋላ በሩ ላይ ሰሌዳ አለ፦ "ምስር በካሮት፣ ጥቅል ጎመን ሰላጣ፣ የተጠበሰ ዳቦ"። አንድ ላይ መፍጨት ቀርቷል፤ አረንጓዴው ከአረንጓዴ፣ ቀዩ ከቀይ ጋር ይበስላል። አረንጓዴው ቅጠል የሚገባው በመጨረሻው ሦስት ደቂቃ ነው፤ ክዳኑ ክፍት ሆኖ፤ ተከድኖ ሲቆይ ነው ወደ ግራጫ የሚሄደው። ጥርስ ለሌላቸው የሚለሰልስ አንድ ነገር ሁልጊዜ ይኖራል፤ እሱም ስም አለው።

ሴትዮዋ ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት መጥተው አብረውን ካሮት ይልጣሉ። ከሰሌዳው ጽሑፍ ላይ ሁለት ጊዜ እርማት አድርገዋል።

ሰባተኛው ሳምንት

የመጣው፦ 60 ኪሎ ሙዝ፣ ሁሉም በአንድ ቀን የበሰለ።

ሙዝ ሲበስል ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ይለቃል፤ ጎረቤቱንም አብሮ ያበስላል። ከቲማቲሙና ከቅጠሉ አጠገብ ስላሳደርነው በማግስቱ ስፒናቹ ቢጫ ሆኖ አገኘነው። ሙዙን ልጠን፣ ቆራርጠን፣ ትሪ ላይ ዘርግተን በረዶ እስኪሆን አቀዘቀዝነው፤ በእርጎ እየተመታ ለሁለት ሳምንት ለልጆች ቀረበ። ስፒናቹ ግን አልተረፈም። ልጣጩ ብቻ ሁለት ትላልቅ በርሜል ሞላ፤ አንድ አትክልተኛ ለኮምፖስት ወሰደው።

ዘጠነኛው ሳምንት፣ ዓርብ

መዝገቡ አሁን አምስት ዓምድ አለው፦ የቀረበልን፣ የተቀበልነው፣ ስንለቅም የተጣለ፣ የበሰለ፣ ከሳህን የተመለሰ። ዛሬ የተመለሰው ሁለት ኪሎ ከምናምን ነው፤ 74 ሰው በልቷል። የመጀመሪያው ዓምድ ከሁለተኛው የበለጠባት የመጀመሪያዋ ሳምንትም ይህች ናት።

ከሰዓት በኋላ ጅምላ ሻጩ ደወሉ። ዘጠኝ ሣጥን ዱባ ቆሞባቸዋል፤ መኪናው ደጃቸው ላይ ነው።

"ሦስት ይላኩልን" አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉ። "ሁሉንም ነበር የምትወስዱት እኮ። ስድስቱን ምን ላድርገው?"

"ተቆርጧል?"

"አልተቆረጠም፤ ሙሉ ነው።"

"ግንዱስ አልተነቀለም?"

ስልኩን አስቀምጠው ሄዱ፤ ሲመለሱ ትንፋሻቸው ይሰማል። "አለ። ሁለቱ ላይ ብቻ ተሰብሯል።"

"እንግዲያውስ የተሰበሩትን ከሦስቱ ጋር ይላኩ። ቀሪውን ከመሬት አንሥተው፣ ደረቅ ቦታ፣ እርስ በርሱ ሳይነካካ ያስቀምጡት፤ ለሳምንታት ይቆያል። በየማክሰኞው ሁለት ሁለት ሣጥን እየመጣን እንወስዳለን።"

እማማ ከኋላዬ ሆነው ቢላዋውን እየሳሉ ነበር። ፍሬውን እንዳልጥለው፣ ታጥቦ ትሪ ላይ እንዲደርቅ፣ ልጣጩንም እንዳልነካው፣ ምድጃ ውስጥ ሲገባ ራሱ እንደሚለሰልስ ነገሩኝ።